ጎንደርን ስታዩ ስማችሁን በደብተር ጻፉ



ብዙዎቻችሁ ጎንደር የምትሄዱት ለጉዳይ ነው። አንዱ በሽተኛ ይዞ ይሄዳል። ሌላው የፍርድ ቤት ቀጠሮ አለበት። ሌላው ደግሞ በርበሬውን ሸጦ ጨውና ልብስ ገዝቶ ይመለሳል። ከተማዋን ግን ረጋ ብሎ ያየ ስንቱ ነው? አንድ አዛውንት ተማሪያችን፣ "ሃያ ጊዜ ሄጃለሁ። ግንቡን ግን ከአጥር ውጭ ነው የማውቀው። ለእኔ ቢጤ የተፈቀደ አይመስለኝም ነበር" አሉን።

ይህን ስለሰማን ዛሬ ስለ ጎንደር እንጽፍላችኋለን። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሄድ ሰው ምን ምን ይመልከት? እንዴትስ ይመልከት? መንገዱን ስንነግራችሁ የራሳችንንም ጥፋት አንደብቅም።

ባለፈው የካቲት አሥራ አንድ ተማሪዎች ይዘን ከጣቢያችን ተነሣን። ሰባቱ ወንዶች፣ አራቱ ሴቶች ነበሩ። እኒያ አዛውንት አብረውን ነበሩ። ዕድሜያቸው 68 ነው። ፊደል ከለዩ ገና ስምንተኛ ወራቸው ነበር። ጎንደር ስንገባ ያገኙትን ጽሑፍ ሁሉ ማንበብ ጀመሩ። የሱቅ ስም ያነባሉ፤ የግድግዳ ማስታወቂያ ያነባሉ። አንድ በር ላይ ቆም ብለው፣ "መድ-ኃ-ኒት ቤት" አሉ። ቀጥለውም፣ "እንዴ! በዚህ ደጃፍ ስንት ጊዜ አልፌያለሁ! መድኃኒት ቤት የት ነው እያልኩ ሰው ስለምን ነበር እኮ" ብለው ሳቁ።

እናንተም ስትሄዱ እንዲህ አድርጉ። መታወቂያችሁን ያዙ። ዕቃችሁን በሙሉ አትሸከሙ። ጠዋት ቶሎ ጀምሩ፤ ፀሐይ ሳይበረታ ብዙ ታያላችሁ። መንገድ ሲጠፋችሁ መጀመሪያ ጽሑፉን አንብቡ፤ ከዚያ በኋላ ሰው ጠይቁ።

ከሁሉ አስቀድማችሁ ግንቡን እዩ። ከፒያሳ ቅርብ ነው፤ በእግር ጥቂት ደቂቃ ነው። በበሩ ላይ የመግቢያ ዋጋ ይከፈላል። ዋጋውን ራሳችሁ አንብቡ፤ ደረሰኙንም ተቀበሉ። ትኬቱ ለፋሲል መዋኛም የሚያገለግል መሆን አለመሆኑን እዚያው ጠይቁ። አስጎብኚ የምትፈልጉ ከሆነ ሥራ ሳይጀምር በዋጋ ተስማሙ። ብዙ ሆናችሁ ከሄዳችሁ ዋጋውን መካፈል ይቻላል። እኛም እንደዚያው አደረግን።

ከጎንደር በፊት ነገሥታቱ በአንድ ቦታ ብዙ አይቀመጡም ነበር። ድንኳን ተክለው ይሰፍራሉ። የአካባቢው እህልና እንጨት ሲያልቅ ነቅለው ወደ ሌላ አገር ይሄዳሉ። ያን ሁሉ ሠራዊት የሚቀልበው ገበሬው ነው። ይህን ስንናገር አንዲት እናት፣ "ንጉሥ ሰፈረ ማለት አንበጣ ሰፈረ ማለት ነበራ!" አሉ። ሁላችንም ሳቅን፤ ነገሩ ግን እውነት ነው።

ዐፄ ፋሲል የነገሡት በ1624 ዓ.ም. ነው። ጎንደርን ዋና ከተማቸው ያደረጓት በ1628 ዓ.ም. ገደማ ነው። ቦታው ጥሩ ነው። በአንድ ወገን የአንገረብ ወንዝ፣ በሌላው ወገን የቀሃ ወንዝ ይፈሳል። ወደ ሱዳንና ወደ ቀይ ባሕር የሚሄዱ ነጋዴዎችም ያልፉበት ነበር። ከዚያ ወዲህ ከተማዋ ከ200 ዓመት በላይ የነገሥታት መቀመጫ ሆና ቆየች።

የግቢው አጥር ርዝመቱ 900 ሜትር ያህል ነው። አሥራ ሁለት በሮች አሉት። በውስጡ አንድ ግንብ ብቻ ያለ አይምሰላችሁ። ትልቁ የዐፄ ፋሲል ግንብ ነው፤ በአራቱ ማዕዘን ክብ ክብ ማማዎች አሉት። ከእሳቸው በኋላ የነገሡትም በየተራ ሠርተዋል። የዐፄ ዮሐንስ ቤተ መጻሕፍት አለ። የታላቁ ኢያሱ ግንብ አለ። የዐፄ ዳዊት አዳራሽ፣ የዐፄ በካፋ ግንብና የእቴጌ ምንትዋብ ግንብም እዚያው ናቸው። አንበሶች ይጠበቁበት የነበረውን ቤትም ታያላችሁ።

የፈረሰ ግድግዳ ስታዩ ዕድሜ ብቻ ያፈረሰው አይደለም። የጣሊያን ጦር ጎንደርን ይዞ ሳለ በ1933 እና በ1934 ዓ.ም. ጦርነት ሆነ። የእንግሊዝ አውሮፕላኖች ቦምብ ጥለው አንዳንዶቹን ግንቦች ጎዷቸው። ጣሊያን ጎንደር ላይ እጁን የሰጠው በኅዳር 1934 ዓ.ም. ነው። ግቢው በ1972 ዓ.ም. በዓለም ቅርስ መዝገብ ተጽፏል። ስለዚህ የዓለም ሰው ሁሉ ሊያየው ይመጣል።

ተማሪዎቻችን ግንቡን ያዩት እንደ ሥራ ሰው ነው። አንዱ ወደ ግድግዳው ጠጋ ብሎ፣ "ድንጋዩን ምን አያያዘው?" አለ። ኖራ ነው አልን። የኖራ ድንጋይ ብዙ እንጨት ፈጅቶ ይቃጠላል። ውኃ ይጨመርበታል። ከአሸዋ ጋር ይቦካል። ሲደርቅ ይጠነክራል። "ታዲያ እንጨቱን ማን ተሸከመው?" አለ ያው ሰው። መልስ አላገኘንለትም። የነገሥታቱ ስም ተጽፏል። ድንጋይ የጠረበው፣ እንጨት የፈለጠው፣ ውኃ የቀዳችው ሴት ስማቸው የለም። በጎንደር ግንበኛና አናጢ፣ ብረት ሠሪም ከነበሩት መካከል ቤተ እስራኤል እንደነበሩበት በታሪክ ይታወቃል። ከከተማው ወጣ ብላ በደባርቅ መንገድ ያለችው ወለቃ የእነሱ መንደር ነበረች። አብዛኞቹ የአገራችን ቤተ እስራኤል በ1977 እና በ1983 ዓ.ም. ወደ እስራኤል ሄደዋል።

አሁን ጥፋታችንን እንንገራችሁ።

በአንደኛው ግንብ ውስጥ ጨለም ያለ ክፍል አለ። ልስኑ በምስማርና በቢላዋ ተጭሯል። የሰው ስም ነው የሞላበት። አዛውንቱ ጽሑፍ አየሁ ብለው ደስ አላቸው። ጣታቸውን ከግድግዳው ሳያስነኩ አንድ በአንድ ማንበብ ጀመሩ። አንዱን ስም አነበቡ፤ ሌላውን አነበቡ። ከዚያ ዞር ብለው፣ "መምህር፣ ግንቡን የሠሩት እነዚህ ናቸው?" ሲሉ ጠየቁን።

አፋችን ተያዘ። እኛ ይህን ክፍል እናውቀዋለን። የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ሳለን ከትምህርት ቤት ጓደኞቻችን ጋር መጥተን ነበር። አስተማሪው ወደ ፊት ሲያልፍ ወደ ኋላ ቀረን። ከኪሳችን ምስማር አወጣን። ስማችንን ጫርን። በዚያን ቀን ጀግና የሆንን መስሎን ነበር። ስለ ግንቡ የተነገረንን አንድም ነገር ግን ይዘን አልተመለስንም።

"አይደሉም፤ እንዲሁ ሊያዩ የመጡ ሰዎች ናቸው" አልናቸው። እሳቸው ግን ማንበባቸውን አልተዉም። ዝቅ ብለው፣ ዓይናቸውን አጥብበው፣ ፊደል በፊደል ሄዱ። በመጨረሻ የእኛ ስም ላይ ደረሱ። ከነአባታችን ስም አነበቡት። ዝም አሉ። ደግመው አነበቡት። ከዚያ ቀና ብለው አዩን።

"ይኸ ያንተ ስም አይደል እንዴ፣ ልጄ?"

"አዎ አባባ፣ የእኔ ነው" አልናቸው።

ሌሎቹ ሰሙ። ክፍሉ ጸጥ አለ። እኛ ፊደል ያስተማርናቸው ሰዎች ናቸው። ያስተማርናቸው ፊደል መጥቶ እኛኑ ከሰሰን። አዛውንቱ አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለን ነበር። "እኔ ስምንት ወር የለፋሁት ስሜን ለመጻፍ ነው። ምስማር ቢኖረኝ ዛሬ እኔም እዚህ እጽፍ ነበር። ያስተማረኝ ሰው ጽፎ የለ?" ነው ያሉት።

ይህ ቃል እስከ ዛሬ አይረሳንም። ጥፋቱ የአንድ ስም ጥፋት ብቻ አልነበረም። አንዱ የጫረው ሌላውን ይጠራል። እንዲህ እየሆነ ነው ግድግዳው የሞላው።

ወደ ጥበቃው ሄደን ጥፋታችንን ነገርነው። "በድንጋይ ብንፈገፍገው አይጠፋም?" አልነው። "አይ፣ እንዳትነኩት! ብትፈገፍጉት ልስኑ ይብስ ይረግፋል" አለን። ስለዚህ ስማችን እዚያው አለ። ልንሽረው አልቻልንም።

ጉብኝቱ ግን አልቀረም። ከግንቡ ወደ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ሄድን። ታላቁ ኢያሱ ያሠሩት ቤተ ክርስቲያን ነው፤ የተመሠረተው በ1686 ዓ.ም. ነው። በዚህ አካባቢ ብዙው ቤተ ክርስቲያን ክብ ነው፤ ይህ ግን አራት ማዕዘን ነው። ገብታችሁ ቀና በሉ። ጣሪያው በመላእክት ፊት የተሞላ ነው። ክንፍና ፊት ብቻ ናቸው፤ ዓይኖቻቸው ሁሉ ወደ እናንተ ያያሉ። በጥር 1880 ዓ.ም. ደርቡሽ ጎንደርን ሲያቃጥል ብዙ አብያተ ክርስቲያናት ነደዱ። ይህ ተረፈ። አባቶች እንደሚናገሩት ንብ ወጥቶ ጠላትን መለሰ። ጫማችሁን አውልቁ፤ ሥዕሉን በእጅ አትንኩ፤ ፎቶ ከማንሣታችሁ በፊት አስፈቅዱ።

ከሰዓት በኋላ በባጃጅ ወደ ፋሲል መዋኛ ሄድን። ትልቅ ገንዳ ነው። በመካከሉ ግንብ ቆሟል። ለጥምቀት ውኃው ከቀሃ ወንዝ በቦይ እየመጣ ይሞላል። ጥር 11 ቀን ሕዝቡ በዚያ ይጠመቃል። የጥምቀት በዓል በ2012 ዓ.ም. በዓለም አቀፍ መዝገብ ተጽፏል። በሌላ ጊዜ ገንዳው ብዙውን ጊዜ ደረቅ ነው፤ ቢሆንም እዩት። የትልልቅ ዛፎች ሥር በአጥሩ ላይ እንደ ገመድ ተጠምጥሟል። አንዲት ተማሪያችን፣ "ሥሩ ድንጋዩን እያፈረሰ ነው ወይስ እየደገፈ?" ብላ ጠየቀች። ብዙ ተከራከርንበት።

ጊዜ ካላችሁ ቁስቋምም ውጡ። ከከተማው በላይ፣ ከተራራው ሥር ነው። እቴጌ ምንትዋብ ቤተ መንግሥትና ቤተ ክርስቲያን ያሠሩበት ቦታ ነው። ቤተ መንግሥቱ ፈርሷል፤ ግድግዳው ግን ውበቱን አልለቀቀም።

ማታ መኪና ስንጠብቅ አዛውንቱ አጠገባችን ተቀመጡ። "ደብተርህን ስጠኝ" አሉን። እስክሪብቶውን ጨብጠው ቀስ ብለው ጻፉ። መጀመሪያ ቀኑን ጻፉ። ቀጥለው "ግንብ፣ ሥላሴ፣ መዋኛ፣ ቁስቋም" ብለው ጻፉ። ከሥሩ ስማቸውን ከነአባታቸው አሰፈሩ። ደብተሩንም ለሌሎቹ አቀበሉ። አሥራ አንዱም በየተራ ጻፉ። በመጨረሻ ወደ እኛ መጣ። "አሁን አንተም ጻፍ፤ እዚህ ይቻላል" አሉን። ጻፍን።

ደብተሩ አሁን በጣቢያችን ይገኛል። ጎንደርን ያላዩት ተማሪዎች ከእሱ ያነባሉ፤ ያዩትንም ይጠይቃሉ።

እናንተም ለጉዳይ ጎንደር ስትሄዱ ግማሽ ቀን ጨምሩ። ግንቡ የተከለከለ ቦታ አይደለም፤ የእናንተም ነው። ደብተርና እስክሪብቶ ይዛችሁ ግቡ። ምስማሩን እቤት ተዉት። ያያችሁትን ጽፋችሁ ስትመለሱ ለጎረቤት አንብቡለት።