ዝናቡ ወደ ቱቦ፣ ጀሪካኑ ወደ ቦኖ

እስቲ አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ። የቤት ጣራ ሥራው ምንድን ነው? «ዝናብና ፀሐይ መከልከል ነዋ!» እንደምትሉኝ አውቃለሁ። ሰፈሬ ቆሼም የሚያውቀው መልስ ይኸው ነው። ቆርቆሮው ይመታል፣ ወደ መንገድ ዘንበል ይደረጋል። ዝናቡም ተንደርድሮ ወርዶ፣ የጎረቤት ግድግዳ አርሶ፣ ጭቃ አቡክቶ ወደ ቱቦ ይገባል (ቱቦ ካለ ማለቴ ነው)። በማግስቱ የዚያው ቤት ልጅ ቢጫ ጀሪካኗን ይዛ ቦኖ ትሰለፋለች። በጋ እንዳይመስላችሁ፤ ሐምሌ ነው የምላችሁ! ሰማዩ የተቀደደ ይመስል እየዘነበ እኛ ውሃ በጀሪካን እንገዛለን።

ስለ ቆሼ ሲወራ ቆሻሻው እንጂ ውሃው አይነሳም። አይፈረድም። ከ50 ዓመት በላይ የአዲስ አበባ ጥራጊ የተከመረበት ቦታ ነው። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ክምሩ ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎችን ገደለ፤ ብዙዎቹን ከነጭቃና ከነላስቲክ ቤታቸው ነው የቀበራቸው። ብሔራዊ ሐዘን ታወጀ። ነሐሴ 2010 ዓ.ም. ደግሞ ከቆሻሻ ኤሌክትሪክ የሚያመነጨው የረጲ ፋብሪካ ተመረቀ። ሐዘኑም ምርቃቱም ዜና ነበር። እዚህ ሰፈር የሚኖር ሰው ምን ዓይነት ቤት ቢኖረው ይሻለዋል የሚለውን ግን ሲወራ አልሰማሁም።

እኔ መሐንዲስ አይደለሁም፤ የተማርኩት ጋዜጠኝነት ነው። ጋዜጠኛ ደግሞ ሥራው «ሌላው ሰው እንዴት አደረገው?» ብሎ መጠየቅ ነው። ውሃ ቆጣቢ ቤት ሲባል ብዙዎቻችን ዱባይን እናስባለን። ዱባይ ድረስ ምን ወሰደን? ወደ ሶማሌ ክልል፣ ከጅጅጋ ወደ ደገሃቡር እንውረድ። ሀውድ የሚባለው ያ ሰፊ ሜዳ ዓመቱን ሙሉ የሚፈስ ወንዝ የለውም። የደገሃቡር ዝናብ የአዲስ አበባን ግማሽ እንኳ አይሞላም። የሀውድ ሰው ታዲያ ምን አደረገ? ብርካ ቆፈረ። ብርካ ማለት ጎርፍ በሚወርድበት በኩል መሬት ውስጥ ተቆፍሮ በድንጋይና በሲሚንቶ የሚለሰን የውሃ ማጠራቀሚያ ነው። ፀሐይ እንዳትጠጣው ከላይ በእሾህና በቅርንጫፍ ይሸፍኑታል። አንዳንዱ የአንድ ቤተሰብ፣ አንዳንዱ የጎሳ ነው። ሲሚንቶው ሲሰነጠቅ ይጠግኑታል። ድርቁ ሲበረታ ባዶውን ብርካ በቦቴ ያስሞሉታል። እንከን የለውም እያልኩ አይደለም፤ ግን እዚያ ዝናብ እንግዳ ነው፤ እንግዳ ሲመጣ ደግሞ ዕቃ ተዘጋጅቶ ይጠብቀዋል።

አሁን ወደ ሰፈራችን እንመለስና ትንሽ ሂሳብ እንሥራ (ሂሳብ የምትጠሉ አትሽሹ፣ እኔም አልወድም)። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ ሲወርድ አንድ ሊትር ውሃ ነው። አዲስ አበባ በዓመት 1,100 ሚሊ ሜትር ገደማ ታገኛለች። ስለዚህ 30 ካሬ ሜትር የቆርቆሮ ጣራ ላይ በዓመት 33,000 ሊትር ይወርዳል። አንድ አምስተኛው በመርጨትና በመፍሰስ ይባክን እንበል። የሚቀረው 26,400 ሊትር፣ ማለትም 1,320 ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ነው። ከአንዲት ጠባብ ቤት ጣራ!

በርግጥ ይህ ሁሉ ዓመቱን እኩል አይዘንብም፤ አብዛኛው የክረምት ነው። በቀን 5 ጀሪካን ለሚፈጅ ቤተሰብ አንድ የ1,000 ሊትር ሮቶ 10 ቀን ይበቃዋል። ለጥር ውሃ ማቆየት አይችልም። ግን በሐምሌና በነሐሴ ደጋግሞ ይሞላልና እነዚያን ወራት ልጅቷ ከቦኖ ሰልፍ ታርፋለች። እሱስ ቀላል ነገር ነው?

የቆሼ ጣራ ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው፤ ከበጋ እስከ ክረምት አቧራና ጭስ ሲጠጣ ነው የሚከርመው። ስለዚህ የመጀመሪያውን ዝናብ ማሳለፍ ግድ ነው። ዘዴው ቀላል ነው። ከአሸንዳው በሚወርደው መስመር ላይ፣ ከሮቶው በፊት፣ ታችኛው ጫፉ በክዳን የተዘጋ ቱቦ ይቆማል። ቆሻሻው ውሃ መጀመሪያ እሱን ይሞላል፤ ከሞላ በኋላ የሚመጣው ንጹሕ ወደ ሮቶው ያልፋል። ዝናቡ ሲያባራ ክዳኑን ከፍቶ መድፋት ነው። ያም ሆኖ ይህን ውሃ ጠጡት አልልም። ለልብስ፣ ለወለል፣ ለመጸዳጃ ቤት ይሁን፤ የቧንቧው ለመጠጥና ለምግብ ይተርፋል። ብርካውንም እንዳለ አምጥተን እዚህ እንቅበረው አልልም፤ ቆሻሻው ሲከመር ከሥሩ መከላከያ ያልተነጠፈለት መሬት ነውና የቆሼ ማጠራቀሚያ ከመሬት በላይ መቀመጥ አለበት።

«ታዲያ ይህን ያህል ቀላል ከሆነ ለምን አልተደረገም?» ትሉኝ ይሆናል። ድህነት አንዱ መልስ ነው፤ ሮቶ በነፃ አይገኝም። ግን ሌላም አለ። ጣራውን የሚያሠራው አከራይ ነው፤ ውሃውን የሚገዛው ተከራይ። ተከራይ አሸንዳ ልሥራ ቢል ነገ ውጣ ሊባል ይችላል፤ የሰው ቤት ላይ ማን ገንዘቡን ያፈሳል? አከራዩም ለማይሸከመው ጀሪካን ለምን ይጨነቃል? በአንድ ቤት ውስጥ እንኳ ስለ ጣራው የሚወስነው አባወራው ነው፤ የሚቀዱት እናትና ሴት ልጅ። የሀውዱ ሰው ብርካውን የቆፈረው የሚጠማው ራሱና ከብቱ ስለሆነ ነው። እኛ ጋ ወሳኙና ተሸካሚው ተለያይተዋል።

ይህን ክፍተት መሙላት የሚችለው ሕግ ነው። የህንዷ ታሚል ናዱ ግዛት እ.ኤ.አ. በ2003 ሕንፃዎች ሁሉ የዝናብ ውሃ መሰብሰቢያ እንዲኖራቸው በሕግ አስገድዳለች። የኛ ኮንዶሚኒየም ግቢዎች ሮቶ ሞልተዋል፤ ነገር ግን ሮቶው የሚጠብቀው ፈረቃን እንጂ ዝናብን አይደለም። ያን ሁሉ ሰፊ ጣራ ተሸክመው! ገና ለሚሠራ ቤት አሸንዳና ማጠራቀሚያ በፕላኑ ውስጥ እንዲካተት ማዘዝ ምን ይከብዳል? ለተከራይስ ቢሆን ባለቤቱ አሸንዳ እንዲያስገጥም የሚያስገድድ አንድ አንቀጽ ቢጻፍ?

እስከዚያው ግን አከራይ የሆናችሁ አንባቢዎቼን ልለምን። በዚህ ክረምት አንድ ቀን፣ አንድ ቀን ብቻ፣ የተከራዮቻችሁን ጀሪካን ራሳችሁ ቦኖ ድረስ ሄዳችሁ ቅዱ። ከዚያ በኋላ ስለ አሸንዳ እንነጋገራለን።

ቸር ያሰንብተን!