ሲዲው ያላመጣት ፋይል

በ2001 ዓ.ም. ክረምቱ ሊገባ ሲል ደብረ ማርቆስ ፖስታ ቤት በጓደኛዬ ሳጥን ቁጥር ኡቡንቱ የተባለው ነፃ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ሲዲ መጣልኝ። ያኔ ካኖኒካል የተባለው ድርጅት የትም አገር ላለ ጠያቂ ሲዲውን በነፃ ይልክ ነበር፤ በ2003 አቆመ። የዓባይን በረሃ ተሻግሮ የመጣው ያ ሲዲ ሽፋኑ ላይ እንድቀዳው፣ ለወዳጅም እንዳድለው ያበረታታኝ ነበር።

ቀድቶ ማደል ለእኔ አዲስ ነገር አልነበረም። አያቴ ዲማ ጊዮርጊስ አካባቢ ያደጉ ቁም ጸሐፊ ነበሩ። በብራናው መጨረሻ ያለውን ውግዘት እያሳዩኝ፣ «የሰረቀ ይላል፣ የፋቀ ይላል። የገለበጠ ይላል?» ይሉኛል። አይልም። መገልበጥማ እንጀራቸውም ጽድቃቸውም ነበር።

ያገለገለ ላፕቶፕ ነበረኝና በዚያው ሌሊት ጫንኩት። ድምፁ ሠራ፣ ስክሪኑ ሠራ፣ ዋይፋዩ ግን ድርቅ አለ። ምክንያቱን እስካገኝ ብዙ ደከምኩ። ካርዱ በራሱ ባዶ ነው፤ ኮምፒውተሩ በተነሣ ቁጥር ፈርምዌር የምትባል ትንሽ ፕሮግራም ካልተጫነለት አይንቀሳቀስም። ካርዱን ከሲስተሙ ጋር የሚያገናኘውን ድራይቨር በጎ ፈቃደኞች ለፍተው ጽፈውታል። ፈርምዌሯ ግን የአምራቹ ናት፤ አምራቹ ደግሞ ሌላ ሰው እንዲያከፋፍላት አልፈቀደም። ስለዚህ ሲዲው ላይ መግባት አልቻለችም። መላው አምራቹ ራሱ የሠራውን ድራይቨር ከኢንተርኔት አውርዶ እሷን ከሆዱ ቆርጦ ማውጣት ነበር። ኢንተርኔት ለማግኘት መጀመሪያ ኢንተርኔት! ሦስት ቀን ኢንተርኔት ቤት ተመላለስኩ። መስመሩ ሊጨርስ ሲል ይቋረጣል፤ እንደገና ከዜሮ። በመጨረሻ በፍላሽ ይዣት ወጣሁ።

በዚያው ሳምንት አንድ ባልደረባዬ የተቀዳ ዊንዶውስ ከሱቅ ገዝቶ ላፕቶፑን ፎርማት አስደረገ። ከሰዓት በኋላ ኢሜይሉን እያየ ነበር። ያለ ፈቃድ የተቀዳ የጫነው ሰው ተገናኘ፤ የሰው ፈቃድ አክብረው የላኩልኝ ሰዎች ሲዲ ግን ሦስት ቀን አስቆመኝ። አሁንም ሳስበው ያንገበግበኛል።

ያ ጊዜ አለፈ። ብዙ አምራቾች ፈርምዌራቸው እንዲከፋፈል ፈቀዱ። ቢሆንም ምንጩ ያልተገለጠ ፕሮግራም ከነፃው ጋር ይቀመጥ ወይስ አይቀመጥ የሚለው ክርክር ቀጠለ። ደቢያን የተባለው የነፃ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ፕሮጀክት በጥር 2003 ባወጣው ስሪቱ እንዲህ ያሉትን ከሲስተሙ እምብርት ከከርነሉ አውጥቶ ለብቻ አኖራቸው፤ ንጹሕ አቋም ነበር፣ ዋጋውን የከፈልነው ግን መስመር የሚቆራረጥብን ሰዎች ነን። በመስከረም 2015 አባላቱ ድምፅ ሰጥተው ከመጫኛው ጋር አብረው እንዲመጡ ወሰኑ፤ በሰኔ ወር የወጣው ደቢያን 12 ይዟቸው መጣ። እሰየው ብያለሁ።

ባለፈው ክረምት የእህቴ ልጅ ያንኑ ደቢያን 12 እኔ ቤት ጫነች። ቡናው ሁለተኛው ሳይቀዳ «ጋሼ፣ አለቀ እኮ! ዋይፋዩም ያዘ» አለችኝ። ደስታዬ ልክ አልነበረውም። የሦስቱን ቀን ነገር አጫወትኳትና ያቺን መሰል ፋይል ከነፈቃዷ ከፍቼ አሳየኋት። ፈቃዱን አንብባ ስትጨርስ ዝም አለች።

«መቅዳት ይቻላል ይላል» አለችኝ።

«አዎ፤ ያኔ አይቻልም ነበር።»

«ግን ፈትቶ ማየት ክልክል ነው ይላል። ታዲያ ውስጧ ምን እንዳለ በምን ይታወቃል?»

አያቴ የገለበጡትን ሁሉ እያነበቡ ነበር የገለበጡት። ይህንን አልነገርኳትም። እሷ ፋይሏን እየገፋች ወደ ታች ወረደች፤ ስክሪኑ ሙሉ ትርጉም የለሽ ምልክት ነው። ብዙ ከወረደች በኋላ አንድ የሚነበብ ነገር አገኘችና ጣቷን አኖረችበት። የአምራቹ ስም ነበር።