ሬዲዮ መልሶ አይጠይቅም

ስለ ርቀት ትምህርት ሲነሳ ወሬው ቶሎ ብሎ ወደ ታብሌት፣ ወደ ኔትወርክና ወደ መብራት ይሄዳል። ያስፈልጋሉ። የሕዳሴው ግድብ የቆመው በክልላችን በቤኒሻንጉል ጉሙዝ፣ መተከል ዞን ጉባ ላይ ነው፤ በዚሁ ክልል ግን ዛሬም መብራት ያላገኙ የገጠር ትምህርት ቤቶች አሉ። ይህ መስተካከል አለበት። እኔን የሚያስጨንቀኝ ግን ከመብራቱ ቀጥሎ ያለው ጥያቄ ነው፦ ከልጁ ጋር ማን ይነጋገራል?

መጋቢት 7 ቀን 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ በመላው አገሪቱ ከ26 ሚሊዮን በላይ ተማሪ ቤቱ ቀረ። ለአንደኛ ደረጃ በሬዲዮ፣ ለሁለተኛ ደረጃ በቴሌቪዥን ትምህርት እንዲተላለፍ ተወሰነ። በአዲስ አበባ የሚችሉት የግል ትምህርት ቤቶች በቴሌግራም ማስታወሻና የቤት ሥራ መላክ ጀመሩ። ሰኔ 23 ቀን ደግሞ ከአርቲስት ሃጫሉ ሁንዴሳ ግድያ በኋላ ኢንተርኔት በአገር ደረጃ ተቋርጦ ሦስት ሳምንት ገደማ ቆየ፤ በቴሌግራም ይማር የነበረውም ቀረበት።

አሁን አሶሳ ዙሪያ ያለ የሁለተኛ ክፍል ልጅ አስቡ። አፉን የፈታው በቤርታ ቋንቋ ነው። ክፍል ውስጥ ሲሆን መምህሩ ፊቱን አይቶ እንዳልገባው ያውቃል፤ ቃሉን ይደግምለታል፣ ጠመኔ አስይዞ ሰሌዳ ላይ ያስሞክረዋል፣ ካልሆነም አጠገቡ የተቀመጠው ጓደኛው በራሳቸው ቋንቋ ያስረዳዋል። በሬዲዮ ሲሆን ይህ ሁሉ የለም። ድምፁ ይመጣል፣ ያልፋል። ቤት ውስጥ ሬዲዮ ቢኖርም እንኳ ክረምት ሲገባ ልጁ እርሻ ላይ ነው፣ ታላቅየው ደግሞ ምናልባት ወርቅ ወደሚታጠብበት ወንዝ ወርዷል።

የአዲስ አበባና የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ራይዝ በተባለው ጥናት የኢትዮጵያን ተማሪዎች ከኮሮና በፊት ጀምረው ሲከታተሉ ነበር፤ ጥናቱ ሲነሳ የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ትምህርት ቤቶችንም አካትቷል። ትምህርት ቤቶች ከተከፈቱ በኋላ ያገኙት በገጠርና በከተማ ልጆች መካከል የነበረው የሒሳብ ልዩነት መስፋቱን ነው። ይህ ብዙ ሰው የገመተው ነው። እኔን ቆም ብዬ እንዳስብ ያደረገኝ ሌላው ግኝት ነው፦ የልጆቹ ማኅበራዊ ክህሎት፣ ማለትም ከሰው ጋር የመነጋገርና የመግባባት ልምዳቸው፣ ወደ ኋላ ሄዷል። ለልጅ ትምህርት ቤት ከቤተሰቡ ውጭ ካለ ሰው ጋር መነጋገርን የሚለምድበት ቦታ ነው። ያ ሲዘጋ የጎደለው ፊደልና ቁጥር ብቻ አልነበረም።

ድምፅ ብቻውን እንደማያስተምር ለማወቅ ደግሞ ኮሮናን መጠበቅ አልነበረብንም። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶቻችን በፕላዝማ ቴሌቪዥን ሲያስተምሩ አይተናል። ትምህርቱ ደቡብ አፍሪካ ተቀርጾ በሳተላይት፣ በእንግሊዝኛ ይመጣ ነበር። መምህሩ በመግቢያው ጥቂት ደቂቃ ይናገር ነበር፤ ከዚያ ግማሽ ሰዓት ገደማ የቴሌቪዥኑ ነበር። በዚያ ውስጥ ያለፈ ሰው ያስታውሰዋል፦ በመስኮቱ ያለችው መምህርት ጥያቄ ትጠይቃለች፣ ጥቂት ሰከንድ ዝም ትላለች፣ ከዚያ ክፍሉ እንደመለሰላት ቆጥራ ትቀጥላለች። ክፍሉ ግን ገና ጥያቄውን እየገለበጠ ነው። «ቆይ» ማለት አይቻልም። ከሁሉ የሚያሳዝነኝ በዚያች ግማሽ ሰዓት እውነተኛው መምህር፣ ልጆቹን በስም የሚያውቃቸው ሰው፣ ግድግዳ ተደግፎ መቆሙ ነው። በቴክኖሎጂ ላይ ጥላቻ የለኝም፤ የቀረጻውን ጥራት ያመሰገኑ ተማሪዎችም ነበሩ። ግን መምህሩን ያቆመ ማንኛውም መሣሪያ ይጎዳናል ብዬ አምናለሁ።

በሀብታም አገርም ቢሆን ውጤቱ የሚያጽናና አይደለም። ኔዘርላንድስ ፈጣን ኢንተርኔት በየቤቱ ያለባት አገር ናት፤ ትምህርት ቤቶቿ የተዘጉት ለ8 ሳምንት ብቻ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣ ጥናት ግን ልጆቹ ቤት ሆነው የጨመሩት እውቀት በጣም ጥቂት ወይም ምንም እንዳልነበረ፣ ወላጆቻቸው ብዙ ባልተማሩ ልጆች ላይ ደግሞ ጉዳቱ እንደበረታ አሳየ።

ቦትስዋና የተሠራው ሙከራ ግን ተስፋ ይሰጣል። ተመራማሪዎች ለአንዳንድ ቤተሰቦች በየሳምንቱ የሒሳብ ጥያቄ በአጭር የጽሑፍ መልእክት ላኩ፤ ለሌሎቹ ከመልእክቱ ጋር የ20 ደቂቃ ያህል የስልክ ጥሪ ጨመሩ። መልእክቱ ብቻውን ይህ ነው የሚባል ለውጥ አላመጣም። ጥሪ የተጨመረላቸው ልጆች ግን ሒሳባቸው ተሻሻለ። ስማርት ስልክ አላስፈለገም፤ ተራው ባለ ቁልፍ ስልክ በቂ ነበር። ሴራሊዮን ላይ መምህራን እየደወሉ የተደረገው ሌላ ሙከራ በበኩሉ የፈተና ውጤት አላሳደገም፤ ስለዚህ መደወል ብቻውን መድኃኒት ነው አልልም። በስልኩ የሚባለው ነገር ከልጁ ደረጃ ጋር መግጠም አለበት።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት ሲወጣ ከ50 በመቶ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸው አገሩን አስደንግጦ ነበር። ፈተናው በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ በጥብቅ ቁጥጥር መሰጠቱ ኩረጃ የሸፈነውን ገልጧል፤ የትምህርት ጥራቱ ችግርም ከኮሮና ይቀድማል። ቢሆንም እነዚያ ልጆች በ2012 ትምህርት ቤት ሲዘጋ 10ኛ ክፍል ነበሩ። ያለ ፈተና ወደሚቀጥለው ክፍል ተዛወሩ፣ የ45 ቀን ማካካሻ ተያዘላቸው፣ ቀጠሉ። ያ ክፍተት በኋላ ማን ለይቶ ሞላላቸው?

ለቤኒሻንጉል ጉሙዝ የትምህርት ቤት መዘጋት ያለፈ ታሪክ አይደለም። ካማሺ ላይ ከ2011 መስከረም ጀምሮ፣ መተከል ላይ ደግሞ በተለይ በ2013፣ በግጭት ምክንያት ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል፣ ቤተሰቦች ተፈናቅለዋል። አዲስ አበባ የተከፈተው ትምህርት ቤት እዚያ ሳይከፈት የቆየባቸው ቀበሌዎች ነበሩ። ስለዚህ እኛ ስለ ርቀት ትምህርት ስናወራ የምናወራው ስለ መጪው ወረርሽኝ ብቻ አይደለም።

ለክልላችን ትምህርት ቢሮም፣ ለየወረዳው ጽሕፈት ቤትም፣ ለመምህራንም የማቀርበው ሐሳብ አለኝ፤ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። መስከረም ላይ ተማሪ ሲመዘገብ የወላጁ፣ ስልክ ከሌለው የጎረቤቱ ወይም የቀበሌው ሰው ስልክ ቁጥር አብሮ ይመዝገብ። ልጁ በቤርታ፣ በጉሙዝ፣ በሺናሻ፣ በማኦ ወይም በኮሞ ቋንቋ ይሻለው እንደሆነ አብሮ ይጻፍ፣ በዚያ ቋንቋ የሚደውልለት መምህርም ከወዲሁ ይታወቅ። ለመምህሩ የአየር ሰዓት ካርድ ይበጀትለት። ኔትወርክ ለማይደርስበት ቀበሌ ደግሞ ማን በእግሩ እንደሚሄድ፣ በየስንት ቀኑ እንደሚሄድ አሁን፣ መንገዱ ክፍት ሳለ፣ ይወሰን።