ቤተ መንግሥቱ ትምህርት ቤት ሆነ

ዛሬ አዲስ አበባ፣ ስድስት ኪሎ ድረስ አብረን እንሂድ።

ከየካቲት 12 አደባባይ አጠገብ የዩኒቨርሲቲው በር አለ። ገብተን በዛፎቹ መካከል ስናልፍ አንድ ሰፊ ሕንፃ አገኘን። ስሙ ገነተ ልዑል ነው። የአፄ ኃይለ ሥላሴ ቤተ መንግሥት ነበር። ፋሺስት ኢጣልያ አገራችንን ሲወር ሹሙ ግራዚያኒ ያዘው። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ቦንብ የተጣለበት እዚሁ ግቢ ነው። በዚያ ሰበብ ስንቱ ወገናችን አለቀ!

በ1954 ዓ.ም. ቤቱ የከፍተኛ ትምህርት ቤት ሆነ። ዛሬ በውስጡ ሙዚየም አለ። ሙዚየም ማለት የጥንት ዕቃ ተጠብቆ ለሰው የሚታይበት ቤት ነው።

ታዲያ የንጉሥ ቤት እንዴት የሕዝብ ቤት ሆነ? ቤቱን አላፈረሱትም። በክፍሎቹ ውስጥ የሕዝቡ ዕቃ ከልደት እስከ ሞት በሰው ዕድሜ ተራ ተደረደረ። የንጉሡ መኝታ ቤት ግን እንዳለ ቀረ። እዚያ ስንደርስ ሁላችንም ዝም አልን። ድሮ በዚህ ደጅ ማን ያልፍ ነበር?

ደጅ ላይ የትም የማያደርስ ደረጃ ቆሟል። የሠራው ፋሺስት ነው፤ እያንዳንዱ እርከን የአገዛዙን አንድ ዓመት ይቆጥር ነበር። ከድል በኋላ ወገኖቻችን ጫፉ ላይ የአንበሳ ሐውልት አቆሙበት። ጠላት ለኩራቱ የሠራው የእኛን ድል ይናገር ጀመር።

አሮጌ ቤትን ለአዲስ ሥራ የሚያሰናዳ ባለሙያ አርክቴክት ይባላል። አስቀድሞ ቤቱን ይለካል፤ በወረቀት ይሥላል። ማን እንደኖረበት ይጠይቃል። ግድግዳው ቢሰነጠቅ ለመለሰን አይቸኩልም። ውሃው በየት እንደሚገባ ይፈልጋል፤ ጣሪያውን ያስቀድማል። በጭቃና በኖራ የተሠራውን ግንብ በሲሚንቶ አይመርገውም፤ ሲሚንቶ እርጥበቱን ውስጥ ያፍነዋልና። ከዚያ ለቤቱ የሚስማማ ሥራ ይመርጣል። አዲስ ነገር ቢጨምርም፣ ነገ አሮጌውን ሳይጎዳ ሊነሣ የሚችል አድርጎ ነው።

በ2016 ዓ.ም. በዚያው ከተማ፣ በፒያሳ፣ ብዙ አሮጌ ቤቶች ፈርሰዋል። የፈረሰ ቤት ተመልሶ አይለካም።

በእናንተስ አገር የቆየ ቤት አለ? አርጅቷል ብላችሁ ከማፍረሳችሁ በፊት ጣሪያውን እዩ። ሽማግሌዎችን ጠይቁ። የነገሯችሁንም በተማራችሁት ፊደል ጻፉት።