ጀበናን ማን ነደፋት?

ዛሬ አንድ አዲስ ካፌ ገብተን የቀረበልንን ጀበና ብታዩት! ታቹ ጠፍጣፋ፣ አንገቱ አጭርና ሰፊ፣ ቀለሙ ነጭ። ለፎቶ ያምራል። ቡናው ገና ሲፈላ ገንፍሎ ከሰሉን አጠፋው፤ የተረፈው ሲቀዳም ከነአተላው ሲኒ ውስጥ ወረደ። ጓደኛዬ «አርት ነው እኮ፣ ታገሺ» አለችኝ። ቡናውን ታገስኩ። አባባሏን ግን አልቻልኩም።

አርትማ የኛዋ ጥቁሯ ጀበና ናት! ሆዷ የከበበው ለቁንጅና ብቻ ይመስላችኋል? ጥግ ስለሌላት ሙቀቱ ዙሪያዋን ይዳረሳል፤ ሸክላ የሚሰነጠቀው ደግሞ አንዱ ጎኑ ከሌላው ቀድሞ ሲግል ነው። አንገቷ መቅጠኑ እንፋሎቱንና መዓዛውን ይይዛል፣ አረፋውም ሽቅብ ሲመጣ አፍይዋ አይታ ከእሳት ታነሳታለች። ማቶቷ ላይ ጋደም ስትል አተላው ይዘቅጥና ቡናው ይጠልላል። ቀጂዋ ከሲኒ ሲኒ ሳታቋርጥ የምትቀዳው ለትርኢት አይደለም፤ ቀና ደፋ ባደረገቻት ቁጥር የዘቀጠው ይነሳል።

አተኳኮሷንም እዩ። 573 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ጭቃው ውስጥ ያለው ኳርትዝ በድንገት ያብጣል፣ ሲበርድም እዚያው ላይ ይኮማተራል። የቸኮለ እዚያ ጋ ይሰብራል። ሸክላ ሠሪዋ ቴርሞሜትር የላትም፤ የእሳቱን ቀለም ታነባለች፣ እስኪበርድ ትጠብቃለች። እስቲ ውበቷን ከሥራዋ ለዩልኝ። የቱ ጋ ትቆርጧታላችሁ?

መቁረጡን ያስተማረን ትምህርት ቤት ነው፤ እሱ ነው የሚያንገበግበኝ። 11ኛ ክፍል ስንገባ ተፈጥሮ ሳይንስ ወዲህ፣ ማኅበራዊ ሳይንስ ወዲያ ተባልን። የባዮሎጂ መምህራችን ልብን ሰሌዳ ላይ የሚያስለው አንድ ልጅ ነበር፤ ቫልቮቹን፣ ደሙ የሚሄድበትን ቀስት ሳይቀር። መጽሐፉ ያላስገባንን የሱ ጠመኔ አስገባን። ነጥቡ አነሰና ወዲያ ተላከ። የሥዕል ክፍለ ጊዜማ ድሮም የሂሳብ ማካካሻ ነበር! ያ ልጅ አንድ ቀን የሕክምና መሣሪያ ይነድፍ እንደነበር ማን ያውቃል? ማንም አልጠየቀውም። እስከ ዛሬ ያናድደኛል።

ጀበናን የሠራችውንስ ምን አልናት? ቡዳ! ዕቃዋን ረከቦታችን አጠገብ በክብር አስቀምጠን እሷን ከጉርብትናና ከጋብቻ አራቅናት። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብ እንዲቀር አዋጅ አውጥተዋል፤ ስድቡ ግን ከአዋጁ በላይ ዕድሜ አገኘ። የቀጨኔ ሸክላ ሠሪ እናቶች ከዚያ ወዲህም ስንት ዘመን ሰምተውታል። ሳይንስም ጥበብም እጇ ላይ የነበረችውን ሴት ሁለቱንም ነፍገን ሌላ ስም ሰጠናት።

የዛሬውን ጀበና የነደፈው ሰው ተሰጥኦ አለው፤ ልስላሴው ያስቀናል። አንድ ከሰዓት ከሸክላ ሠሪ አጠገብ ተቀምጦ «እናቴ፣ ይህቺ አንገት ለምን ቀጠነች?» ቢል ኖሮ ነጩም ጀበና ቡና ያፈላ ነበር። አሁንም አልረፈደም፤ ካፌው ይህን የሚያነብ ከሆነ ከልቤ ነው የምለው።

ቅዳሜ ቀጨኔ እወርዳለሁ። ጀበና የምትፈልጉ ኢንቦክስ አድርጉልኝ። ዋጋ ግን አልከራከርላችሁም።