ካሜራውና ጠባሳው

ሰሞኑን በመኝታ ክፍላችን አንድ ክርክር ተነሥቶ እንቅልፍ ነሥቶን ሰንብቷል። ነገሩ የፖለቲካም የፈተናም አይደለም። እኛ የፎቶግራፍ ፍቅር ያደረብን አምስት ጓደኛሞች ነን። ከቤተሰብ ከሚላክልን የኪስ ገንዘብ እየቀነስን በየወሩ አንድ ላይ እናስቀምጣለን። ዕጣ ስለማይወጣበት በደንቡ ዕቁብ ሊባል አይገባውም፤ እኛ ግን ለማዕረጉ ስንል ዕቁብ እንለዋለን። ይህ ዕቁብ ዘንድሮ ወፈር ብሎ ስለተገኘ «በምን ላይ እናውለው?» የሚል ጥያቄ መጣ። ሁለቱ ጓደኞቻችን «አዲስ ካሜራ ይገዛ» አሉ። ሁለቱ «ያለን ካሜራ ምን ጎደለውና?» ብለው ተነሡ። አምስተኛው ዝም አለ። የዝምታውን ምክንያት ወደ ኋላ እንደርስበታለን።

ይህን ለመጻፍ ያነሣሣን፣ በዚህ ግቢ ውስጥ እንደኛው በካሜራ ፍቅር የተያዙና እንደኛው ኪሳቸው የሚያሳስባቸው ብዙ ወንድሞችና እኅቶች መኖራቸውን ስለምናውቅ ነው። ለማስተማር አልተነሣንም፤ የእኛ ጥፋት ለሌላው ቁጠባ ይሆን ይሆናል ብለን እንጂ።

አስቀድመን ሀብታችንን እንቁጠር። ያለን ካሜራ ሌላ ሰው ሲገለገልበት የቆየ፣ 24 ሜጋፒክስል የሆነ፣ ከ18 እስከ 55 ሚሊሜትር የሚደርስ ሌንስ የተገጠመለት ነው። እስከዚህ ድረስ ጥፋት የለብንም። ከዚያ በኋላ ግን ልባችን አላርፍ አለ። በአንድ ዓመት ውስጥ ሦስት ዓይነት ማጣሪያ መስታወት፣ ለአምስት ካሜራ የሚበቃ ቦርሳ፣ በሁለተኛው ቀን አንድ እግሩ የተሰበረ መቆሚያ ገዛን። ከማጣሪያዎቹ ሁለቱ እስከ ዛሬ ከማሸጊያቸው አልወጡም። አባቶቻችን «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» የሚሉት እንዲህ ያለውን ነው። በዚያው ዓመት ፎቶግራፎቻችንን የምናስቀምጥበት ዲስክ መግዛት ያስፈልግ ነበር፤ ዲስክ ግን አንገት ላይ አይንጠለጠል፣ አላፊ አግዳሚው አያየው፤ ስለዚህ ተረሳ። ይህችን ነገር አንባቢ በልቡ ይያዝልን።

ዋጋውም እንደ ድሮው አይደለም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከመቶ ብር አለፈ። ካሜራ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ነውና ዋጋው ዶላሩን ተከትሎ ወጣ። ስለዚህ ለአንድ ተማሪ የተሳሳተ ግዢ ማለት የአንድ መንፈቅ ዓመት ቁርስ ማለት ነው።

አሁን ወደ ክርክሩ እንመለስ። አዲሱ ካሜራ ይገዛ ያሉት ወገኖች የሚያቀርቡት ምክንያት የሚናቅ አይደለም። ፉል ፍሬም የሚባለው ካሜራ ብርሃን የሚቀበልበት ገጽ 36 በ24 ሚሊሜትር ሲሆን፣ የእኛው 23.5 በ15.6 ገደማ ነው። በስፋት ሲሰላ የትልቁ ገጽ ከሁለት እጥፍ በላይ ነው። ሰፊ ማሳ ብዙ ዝናብ ይቀበላል፤ ሰፊ ገጽም ብዙ ብርሃን ይቀበላል። ስለዚህ በጨለማ የተነሣው ሥዕል እንደ በርበሬ የተነሰነሰ አይመስልም።

ተቃዋሚዎቹ ደግሞ እርሳስ አንሥተው ሌላ ስሌት አቀረቡ። የእኛ ሌንስ ወደ 55 ሚሊሜትር ሲዘረጋ በሰፊው የሚከፈተው እስከ 5.6 ብቻ ነው። በገበያ ላይ ካሉት ርካሽ ከሚባሉት አንዱ የሆነው የ50 ሚሊሜትር ሌንስ ግን እስከ 1.8 ይከፈታል። ቁጥሩ ባነሰ መጠን ቀዳዳው ይሰፋል፤ ብርሃኑም የሚለካው በቁጥሮቹ ድርሻ ዐራቢ ነው። 5.6ን ለ1.8 አካፍሎ፣ የተገኘውን በራሱ ያባዛ ሰው አሥር ሊሞላ ጥቂት የቀረው ቁጥር ያገኛል። እንግዲህ ውዱ ካሜራ ከሁለት እጥፍ ትንሽ ከፍ ያለ ብርሃን ሲሰጠን፣ ከእርሱ በብዙ እጅ የሚያንስ ዋጋ ያለው ሌንስ ዐሥር እጥፍ ያህል ይሰጠናል ማለት ነው። እርግጥ ሌንሱ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ስለማይዘረጋ እንደ ዝርግታው በእግራችን መሄድ አለብን። እግር ደግሞ ከቤተሰብ በነፃ የተሰጠን ነው።

ስሌት ብቻውን ጓደኛ አያሳምንምና ፈተና አደረግን። ሠርግ በማንሣት ከሚተዳደር አንድ ወዳጃችን ፉል ፍሬሙን ለአንድ ቀን ተውሰን፣ አንዱን ነገር በሦስት መሣሪያ አነሣነው፤ በስልክ፣ በእኛው አሮጌ ካሜራና በተዋስነው። ቀን በፀሐይ የግቢውን ዛፎችና የሚያልፉ ተማሪዎችን፣ ማታ ደግሞ በጧፍ ብርሃን የሰው ፊት አነሣን። ሁሉንም በ20 በ30 ሴንቲሜትር አሳጥበን፣ ምልክታቸውን በጀርባ ጽፈን፣ በምግብ አዳራሹ ለዐሥራ ሁለት ተማሪዎች «የውዱ ካሜራ የትኛው ነው?» እያልን አሳየናቸው።

በቀን ከተነሡት ውስጥ ብዙዎቹ «ውዱ ይህ ነው» ብለው የመረጡት የስልኩን ነበር! ስልኩ ሳይጠየቅ በራሱ ፈቃድ ሰማዩን አሰምሮ፣ ቅጠሉን አረንጓዴ አልብሶ ነበርና። በማታዎቹ ግን አንድም ሰው አልተሳሳተም፤ የስልኩ ፊት እንደ ሰም የቀለጠ፣ የትልቁ ካሜራ ግን የዐይን ሽፋሽፍት የሚቆጠርበት ሆነ። ስለዚህ ሁለቱም ወገኖች በከፊል ትክክል ሆነው ተገኙ።

ስለ ሜጋፒክስል ግን ክርክሩ ያኔውኑ አበቃ። 20 በ30 ሴንቲሜትር የሆነ ወረቀት በጥራት ለማተም ከስምንት ሜጋፒክስል ትንሽ ከፍ ያለ ይበቃል። እኛ 24 አለን። አብዛኛዎቹ ሥዕሎቻችን ደግሞ የሚታዩት በእጅ መዳፍ በምታህል የስልክ መስታወት ላይ ነው።

ሁለተኛው ክርክር ከፊተኛው የከረረ ነው፤ ይኸውም ሥዕሉ ከተነሣ በኋላ በኮምፒዩተር ስለማስተካከል ነው። አንደኛው ወገን «ፎቶግራፍ ምስክር ነው፤ ምስክር አይነካም» ይላል። ሁለተኛው «ሁሉም ሰው ያስውባል፤ እኛስ ማን ነን?» ይላል።

በመሠረቱ «ያልተነካ ፎቶግራፍ» የሚባል ነገር አለ ብለን አናምንም። ካሜራው ጄፔግ አድርጎ ሲያስቀምጥልን ስለ ቀለሙና ስለ ጥላው ፋብሪካው አስቀድሞ የወሰነውን ፈጽሞ ነው። ለእያንዳንዱ ቀለምም 256 ደረጃ ብቻ አስቀርቶ ሌላውን ይጥላል። «ሮ» የሚባለው ጥሬ ፋይል ግን በብዙዎቹ ካሜራዎች 14 ቢት ስለሆነ 16,384 ደረጃ ይይዛል።

ይህ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን የተለየ ጥቅም አለው። የካሜራው ብርሃን መለኪያ ዓለም በአማካይ ግራጫ ናት ብሎ የሚያምን ፍጡር ነው። ነጭ ጋቢ የለበሰ ጠይም ሰው ፊቱ ሲቆም፣ ነጩን አይቶ «ብርሃን በዛ» ይልና ያጨልማል። ጋቢው ግራጫ፣ ፊቱም ጥላሸት ይሆናል። በጥምቀት ዕለት ካሜራ ይዞ የወጣ ሁሉ ይህን ያውቃል። ስለዚህ ሲነሣ ብርሃኑን በአንድ ደረጃ ያህል ከፍ ማድረግ፣ በኋላም የጋቢውን ድምቀት ከጥሬው ፋይል መመለስ ማጭበርበር አይደለም፤ የመሣሪያውን ስሕተት ማረም ነው። ለዚህም በየወሩ ኪራይ የሚከፈልበት ፕሮግራም አያስፈልግም፤ ዳርክቴብልም ጊምፕም በነፃ የሚገኙ ናቸው።

ታላላቆቹም ቢሆኑ ነክተዋል። አሜሪካዊው አንሰል አዳምስ በ1941 እ.ኤ.አ. በኒው ሜክሲኮ ከአንዲት ትንሽ መንደር በላይ የወጣችውን ጨረቃ ካነሣ በኋላ፣ ያንኑ ኔጋቲቭ ለብዙ ዓመታት ደጋግሞ ሲያትም ሰማዩን እያጨለመው ሄዷል። አዳምስ ፒያኖ የተማረ ሰው ነበርና ኔጋቲቩን ከዜማ ጽሕፈት፣ ኅትመቱን ከጨዋታው ጋር ያመሳስለው ነበር። በሌላ በኩል ናሽናል ጂኦግራፊክ በየካቲት 1982 እ.ኤ.አ. የጊዛን ፒራሚዶች ከሽፋኑ ቁመት ጋር እንዲስማሙ አቀራርቦ አወጣቸው፤ በዚህም ብዙ ወቀሳ ደረሰበት። ልዩነቱ ምንድን ነው? አዳምስ ጨረቃዋን ከቦታዋ አላነቃነቃትም።

እኛ ይህን ልዩነት የተማርነው ከመጽሐፍ አይደለም።

ዐምና ዝምተኛው ጓደኛችን አባት ልጃቸውን ሊጠይቁ ከመንዝ መጡ። ነጭ ጋቢ ለብሰው፣ ከዘራቸውን ይዘው በግቢው ዛፍ ሥር ሲቀመጡ «አባባ፣ አንድ ጊዜ እናንሣዎት» አልናቸው። «እንግዲህ ልጆቼ እንደ ፈቀዳችሁ» ብለው ፀጥ አሉ። በግራ ቅንድባቸው ላይ አቋርጦ ወደ ጉንጫቸው የሚወርድ ጠባሳ ነበራቸው፤ በልጅነታቸው ከብት ሲጠብቁ ከገደል ወድቀው ያገኙት ነው። በጥሬ ፋይል አነሣናቸው። ማታ ኮምፒዩተሩ ዘንድ ተሰብስበን የጨለመውን ፊት አበራን፤ እስከዚህ መልካም ነበር። ልጃቸውም አጠገባችን ተቀምጦ «አሳምሩልኝ» አለ። እኛም አሳመርን። የግንባሩን መስመር አለዘብን፣ መልካቸውን አቀላን፣ በመጨረሻም በፕሮግራሙ ብሩሽ ጠባሳውን ሁለት ጊዜ ነካ ነካ ብናደርገው ጠፋ። በእጅ ሥራችን ተደንቀን እርስ በርሳችን ተጨባበጥን። ሥዕሉም ታትሞ በመስታወት ተደርጎ ወደ አገር ቤት ተላከ።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ የካሜራው ካርድ ሞላ። ዲስክ የለንም፤ ገንዘቡ ማጣሪያ መስታወት ሆኗል። ስለዚህ «ያለቀላቸው» ያልናቸውን ጥሬ ፋይሎች ደመሰስን። የአባባም በዚያ ውስጥ ነበር።

በኅዳር ወር አባባ ዐረፉ። ከጓደኛችን ጋር ለቅሶ ደረስን። እንደ አገሩ ልማድ ሥዕሉን ይዘው ያለቅሱ ነበር፤ የያዙትም የእኛን ነው። የሟች እኅት ከሩቅ አገር ዘግይተው ደርሰው፣ እያለቀሱ ሥዕሉን ተቀብለው ሊስሙት አቀረቡት። ከዚያም ድንገት ቆም ብለው፣ «ይህ የማን ሰው ነው? የወንድሜ ምልክት የታለ?» አሉ።

ማንም አልመለሰላቸውም። ጓደኛችን ወደ መሬት ተመለከተ፤ እኛም እንደዚያው።

ስንመለስ ካርዱን፣ ኮምፒዩተሩን፣ ስልኮቻችንን ሁሉ ፈተሽን። ቆጥ አወርድ ብላ የብብቷን እንደ ጣለችው ሴት ሆነን ነበር። ዋናው ሥዕል የለም፤ ያለው ያስዋብነው ብቻ ነው። በመጨረሻ የተገኘው ከጓደኛችን ታናሽ እኅት ትንሽ ስልክ ውስጥ ነበር። አባባ በበራቸው ደፍ ላይ ቆመው፣ ሥዕሉ ዘንበል ብሎ፣ የልጅቱ ጣት አንዱን ማዕዘን ሸፍኖት፣ ደብዘዝ ያለ ነው። ከ10 በ15 ሴንቲሜትር በላይ ቢሰፋ ይበተናል። ጠባሳው ግን አለ። ጨለማውን ብቻ ገለጥ አድርገን፣ ሌላውን ሳንነካ አሳተምነው። ለአርባው ተዝካር የቀረበው እርሱ ነው። አክስቱም ተቀብለው በነጠላቸው ጠቅልለው እንደያዙት ሰማን።

እንግዲህ ስለ ዕቁቡ ገንዘብ በተሰበሰብንበት ማታ ዝምተኛው ጓደኛችን በመጨረሻ አፉን ሲከፍት ያለው አንድ ቃል ብቻ ነበር፤ «ዲስክ»። ከዚያ በኋላ ብዙ መከራከር አላስፈለገም። የሚከተለውን ወሰንን።

በመጀመሪያ ሁለት ዲስክ ይገዛል፤ አንዱ በእኛ ዘንድ፣ ሌላው ከግቢ ውጭ በአንዳችን ቤተሰብ ቤት ይቀመጣል። ጥሬው ፋይል በማናቸውም ምክንያት አይደመሰስም። ሁለተኛ፣ ሌላ ሰው ሲገለገልበት የነበረ የ50 ሚሊሜትር ሌንስ ይገዛል፤ ፉል ፍሬሙ ይቆያል። ወደ ፊትም አንድ ዕቃ የሚገዛው በዚያ ዕቃ ማጣት ምክንያት ሦስት ጊዜ ሥዕል ካመለጠን ብቻ ነው። ሦስተኛ፣ ብርሃኑን፣ ጥላውን፣ የዘመመውን አድማስ እናርማለን፤ የሰውን ጠባሳ፣ ሽበት፣ የፊት መስመርና የቆዳ መልክ ግን ባለቤቱ ራሱ ካልጠየቀ አንነካም። ቢጠይቅም ሁለቱንም አትመን እንሰጠዋለን። የተረፈችውም ገንዘብ ላነሣናቸው ሰዎች ሥዕላቸውን እያሳተምን ለመስጠት ትውላለች፤ እስከ ዛሬ ስንቱን አንሥተን ለስንቱ እንደሰጠን ብንጠየቅ የምናፍር ነን።

ሁለቱ የፉል ፍሬም ወገኖች ውሳኔውን የተቀበሉት እያጉረመረሙ ነው። የማታው ፈተና ውጤት አሁንም በእጃቸው ስላለ ልንነቅፋቸው አንችልም። በበኩላችን አንድ ጥያቄ እስከ ዛሬ አልተፈታልንም፤ ልጁ «አሳምሩልኝ» ሲል እሺ ማለት ነበረብን ወይስ አልነበረብንም? አባባን አልጠየቅናቸውም፤ አሁን ደግሞ የሚጠየቁ አይደሉም።

ይህች መጽሔታችን በማባዣ የምትወጣ ስለሆነች ሁለቱን ሥዕሎች ጎን ለጎን አትመን ለማሳየት አልቻልንም። ማየት የሚፈልግ ወደ ክፍላችን ብቅ ይበል፤ ሌንሱንም ይሞክር። ውሳኔያችንን የሚቃወም ቢኖር ደግሞ በሚቀጥለው እትም ይሞግተን።