ለመርከቡ እራት ምን ልልበስ?

ወገኖቼ፣ በዚህ በጋ ከሃይፋ ወደብ በመርከብ ለመዝናናት ያሰባችሁ ካላችሁ፣ ሻንጣችሁን ከመዝጋታችሁ በፊት ይችን አንብቡልኝ። ስለ ባሕሩና ስለ ደሴቶቹ የሚነግራችሁ አይጠፋም። እኔ የማወጋችሁ ስለ እራት ልብስ ነው። ቀላል ነገር ይመስላል አይደል? እኔም እንደዚያ ነበር የመሰለኝ።

እማየ በመታወቂያዋ 70 ዓመት ሞላት። ትክክለኛውን እሷም አታውቀውም፤ በ1991 በዘመቻ ሰለሞን ስንመጣ በግምት የተጻፈላት ነው። እኔና ወንድሞቼ ገንዘብ አዋጣንና ሊማሶልንና ሮድስን አይቶ የሚመለስ የአራት ሌሊት ጉዞ ገዛንላት። ሰንበትን ባሕር ላይ መዋሉ ከብዷት ነበር፤ የልጅ ልጆቿ ለምነው እሺ አሰኟት።

ከጉዞው በፊት የተላከልን ወረቀት ቀን እንደፈለጋችሁ ልበሱ ይላል። ማታ ግን ወደ መመገቢያ አዳራሹ በዋና ልብስ፣ በካፍካፊምና በቁምጣ አይገባም። ዓርብ ማታ ደግሞ የክብር እራት ስለሆነ ጥሩ ልብስ ይለበስ ይላል። "ጥሩ ልብስ" የሚለውን ሳነብ በዓይኔ የመጣው የፊልም መርከብ ነው፤ ወንዶቹ በከረባት፣ ሴቶቹ በረጅም ጥቁር ቀሚስ። ካንየን ሄድሁና ለእማየ የሚያብረቀርቅ ጥቁር ቀሚስ ገዛሁላት። ሳልጠይቃት።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ካቢናችን ውስጥ አወጣሁት። አየችው፣ ዳሰሰችው፣ ዋጋውን ጠየቀችኝ። ከዚያ "ማን ሞተ?" አለችኝ።

እኔ ሳቅሁ፤ እሷ ግን አልሳቀችም። "ልጄ፣ ጥቁር የሐዘን ነው። ሰንበትን በነጭ ነው የምንቀበላት። እናቴም አያቴም እንደዚያው ነበሩ" አለችና ከሻንጣዋ ሥር በፎጣ የጠቀለለችውን ጥለት ያለው ቀሚሷንና ነጠላዋን አወጣች።

"እማየ፣ ሰው ሁሉ እኮ ያየናል!" አልኋት። ቃሉ ከአፌ እንደወጣ ደነገጥሁ። ይህንኑ ቃል ከዚህ በፊት ብያት ነበራ!

የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ሳለሁ ነው። ለወላጆች ስብሰባ በነጠላዋ ልትመጣ ስትነሣ "እባክሽ አውልቂው፣ ሰው ያየናል" ብዬ አለቀስሁ። በዚያ ሙቀት ሹራብ ደርባ መጣች። ከዚያ ወዲህ ትምህርት ቤት ስትመጣ ያለ ሹራብ መጥታ አታውቅም። እኔ የረሳችው መስሎኝ ነበር።

አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለችና በዝግታ "እንግዲህ እንደ ያኔው ሹራብ ልደርብበት?" አለችኝ። ቁጣ የለበትም፤ ከልቧ ነው የጠየቀችኝ። አንጀቴን ያቃጠለኝም ይኸው ነው።

ይቅርታ ልጠይቃት ብል ቃል አጣሁ። ቀሚሱ ተጨማዶ ነበርና እሱን አንስቼ ወጣሁ። ካውያ እሳት እንዳያስነሣ ካቢን ውስጥ ክልክል ነው። ስለዚህ መታጠቢያ ቤቱ ውስጥ ሰቀልሁት፣ ሙቅ ውሃ ከፈትሁና በሩን ዘጋሁ። ሩብ ሰዓት ያህል በእንፋሎት ሲቆይ ተፍታታ። ጥለቱን በእጄ አስተካከልሁና አለበስኋት። ሰንበት ከገባች ፎቶ አትነሣም፤ ስለዚህ ፀሐይ ሳትጠልቅ መርከቡ ጫፍ ላይ ተነሣን።

አዳራሹ ውስጥስ ምን ሆነ ካላችሁ፣ ምንም አልሆነም። ረጅም ቀሚስ የለበሰችም፣ ጂንስና ነጭ ሸሚዝ ያደረገም ነበር። አንዳንዱ ዞር ብሎ አየን፤ ከዚያ ወደ ሾርባው ተመለሰ። ማዝጋኑ ግን አጥንት ይሰብራል! ትከሻቸውን የገለጡት ሴቶች ሲንቀጠቀጡ እማየ ነጠላዋን ተከናንባ ቂዱሹን ታዳምጣለች። ልጄ "ሳቭታ፣ ግማሹን ስጭኝ" ብላ ከሥሯ ገባች። ጥቁሩ ቀሚስ ከነወረቀቱ ወደ ሱቁ ተመለሰ።

ታዲያ ምከሪን ካላችሁኝ፦ የመጀመሪያውን ማታ ልብስ በእጅ ቦርሳ ያዙ፤ ትልቁ ሻንጣ ካቢን እስኪደርስ ሰዓታት ሊወስድ ይችላል። የሸማ ቀሚስ አትጠፉ፣ ጠቅልሉ። መርከብ ይወዛወዛልና ታኮው አጭር የሆነ ጫማ ይሻላል። ለወንዶች አንድ ረጅም ሱሪና ኮሌታ ያለው ሸሚዝ ለአብዛኛው ማታ ይበቃል። ደንቡ ከመርከብ መርከብ ስለሚለያይ የሚላክላችሁን ወረቀት አንብቡ። ነጠላ አትርሱ፤ ለማዝጋኑም ለባሕሩ ነፋስም ይሆናል። ለእናታችሁ ልብስ ከመግዛታችሁ በፊት ደግሞ እሷን ጠይቁ።

ይቅርታውን የጠየቅኋት በመጨረሻው ሌሊት፣ መብራቱ ከጠፋ በኋላ ነው። ዝም ብላ ቆየችና "ያኔ ልጅ ነበርሽ" አለችኝ። ትንሽ ቆይታ ደግሞ በጨለማው ውስጥ ሳቀች።

"ሙቀቱ ግን፣ ልጄ፣ ሙቀት ነበር!"